ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ትምህርት
(የገነተ ልዑል ታሪክ ለኅብረተሰብ ትምህርት)

መግቢያ

በዚህ ወር ተራው የእኛ ስለ ሆነ ከኅብረተሰብ ትምህርት አንድ ርዕስ ይዘን ቀርበናል። ርዕሱን የመረጥነው እኛ ነን ብንል ግን ውሸት ይሆናል። የመረጠልን አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት በአንድ የላስታ ደጋ ትምህርት ቤት፣ ስለ ዘመናዊ ትምህርት አመጣጥ ስናስተምር፣ «አፄ ኃይለ ሥላሴ ትምህርትን ከመውደዳቸው የተነሣ የሚኖሩበትን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ» ብለን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍን። ተማሪዎቹም ገለበጡ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ አባቴም ትምህርት ይወዳል። ግን ቤታችንን ለትምህርት ቤት አይሰጥም። ንጉሡ ምን ሆነው ነው ከቤታቸው የወጡት?» አለን። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ እኛም አብረን ሣቅን። ሣቁ ሲያበቃ ግን መልስ አልነበረንም። «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንነግርሃለን» አልነው፤ ደወሉም ተደወለና ተገላገልን። ነገር ግን የልምምዱ ጊዜ አልቆ ስለ ነበር ሁለተኛ ሳንገናኝ ተመለስን። የልጁ ጥያቄ ዕዳ ሆኖብን ቀረ።

ከተመለስን በኋላ መጻሕፍት አገላብጠን ስናየው፣ ለካ በሰሌዳው ላይ የጻፍነው አንድ ዐረፍተ ነገር ሐሰት ባይሆንም ከታሪኩ አንድ አራተኛውን እንኳ አይዝም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው የገነተ ልዑልን ቤት ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድን አሮጌ ቤት እንደ መማሪያ መጽሐፍ እያነበብን እንዴት ማስተማር እንደምንችል ማሳየት ነው።

1ኛ. ከምናውቀው እንነሣ

በሥነ ዘዴ ትምህርታችን «ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከቅርቡ ወደ ሩቁ» የሚል መመሪያ ተምረናል። ገነተ ልዑል የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ነው። ከላስታ ተማሪዎች መካከል እዚያ የደረሰ እምብዛም የለም፤ ከእኛም ከዕጩ መምህራኑ ብዙዎቻችን አልደረስንም። ታዲያ ከየት እንጀምር? ከላሊበላ እንጀምር።

ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተደቡብ ካሉት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ መርቆርዮስ ይገኛሉ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ የሚገባው ከጥልቅ ገደል በላይ በተዘረጋ ድልድይ ነው። አሠራሩ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ምሽግ ይመስላል። በዚህና በመሳሰለው ምክንያት የሥነ ሕንፃና የታሪክ አጥኚዎች፣ እነዚህ ሁለቱ ቀድሞ የነገሥታት መኖሪያ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ቤተ ክርስቲያን የሆኑት በኋላ ነው ብለው ይገምታሉ። ላሊበላን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮም ይህንኑ ግምት ይጠቅሳል።

እንግዲህ አንድ ልጅ በየበዓሉ ከእናቱ ጋር ሄዶ የሚሳለመው ግድግዳ፣ ጥንት የንጉሥ እልፍኝ የነበረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ድንጋዩ ያው ነው፤ አገልግሎቱ ግን ተለወጠ። ይህን የተረዳ ተማሪ ስለ ገነተ ልዑል ስንነግረው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ነው። በፓሪስ የሚገኘው የፈረንሳይ ነገሥታት ቤት ሉቭር ከአብዮቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1793 ለሕዝብ የተከፈተ ሙዚየም ሆኗል። በጀርመን አገር የቦን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1818 ሲቋቋም ማደሪያው የሆነው የቀድሞ ገዥዎች ቤተ መንግሥት ነው። ስለዚህ ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት መሆኑ ብቻውን አያስገርምም። የሚጠየቀው እንዴት ሆነ? ነው።

2ኛ. አራቱ ጥያቄዎች

አንድን አሮጌ ቤት ለማንበብ አራት ጥያቄዎች ይበቁናል ብለናል። እነርሱም፦

ሀ. ማን አሠራው?
ለ. ማን ኖረበት?
ሐ. ምን ተፈጸመበት?
መ. ዛሬ ለማን ያገለግላል?

እነዚህን ጥያቄዎች ለገነተ ልዑልም፣ ለቤተ ገብርኤልም፣ በቀበሌያችን ላለ ለአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤትም ማቅረብ ይቻላል። አሁን በተራ እንያቸው።

3ኛ. ማን አሠራው? ማን ኖረበት?

«ገነተ ልዑል» ማለት የልዑል ገነት ማለት ነው። ያሠሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1920ዎቹ፣ ቦታውም ከአባታቸው ከራስ መኰንን የወረሱት ይዞታ ነበር። አሠራሩ የአውሮፓን ቤቶች የሚመስል፣ ባለ ፎቅ ነው። በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ የቆየው ትልቁ ግቢ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ገነተ ልዑል ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ ሰባቸው ጋር የሚኖሩበት አዲሱ ቤት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «አፄ እገሌ ሠሩት» እያልን ስናስተምር ድንጋዩን ማን እንደ ተሸከመ እንረሳለን። ላሊበላን በተመለከተ አባቶቻችን ቀን ሰው ሲሠራ ሌሊት መላእክት ያግዙ ነበር ይላሉ። ለገነተ ልዑል ግን መላእክት አልተጠቀሱም፤ ጠራቢውም ግንበኛውም አናጢውም ሰው ነው። ስለዚህ «አሠሩት» ማለት ይሻላል። አንዲት «አ» ፊደል የሠራተኛውን ድካም ታስታውሳለች።

ንጉሠ ነገሥቱ በቤቱ ብዙም ሳይኖሩ የጣሊያን ፋሺስት ጦር አገራችንን ወረረ። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሲመለሱ ወደ ላሊበላ ጎራ ብለው ለጸሎት መሰንበታቸው የታወቀ ነው። ይህን ለተማሪዎቻችን ብንነግራቸው ጥሩ ነው፤ የሩቁ ቤትና የቅርቡ አገር በዚህ ይገናኛሉና። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ተሳፍረው ለስደት ወጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ የጠላት ጦር ከተማይቱን ያዘ። ገነተ ልዑልም የጣሊያን እንደራሴ መኖሪያና መሥሪያ ቤት ሆነ።

ልብ በሉ! «ማን ኖረበት?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ከወዲሁ አየን። ያው ደረጃ፣ ያው በር፣ መጀመሪያ የአገሪቱ ንጉሥ፣ ቀጥሎ የአገሪቱ ጠላት ወጥተው ወርደውበታል።

4ኛ. ምን ተፈጸመበት? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.

የካቲት 12ን በየዓመቱ እናስባለን። ነገር ግን የተፈጸመው በዚህ ቤት ደጅ መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን?

በዚያ ዕለት እንደራሴው ማርሻል ግራዚያኒ ለጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለ ተወለደ ደስታ ነው ብሎ ለድኾች ምጽዋት ለመስጠት ሕዝቡን በገነተ ልዑል ግቢ ሰበሰበ። አሮጊቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ዓይነ ስውራን፣ ምጽዋት ጠባቂ ሁሉ መጣ። የኤርትራ ተወላጆች የሆኑት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒና ሹማምንቱ ወደ ቆሙበት የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በብዙ ፍንጣሪ ቆሰለ እንጂ አልሞተም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለመናገር ይከብዳል። ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ሕዝብ በዚያው ግቢ ውስጥ በጥይት ተረፈረፈ። ቀጥሎ ሦስት ቀን ሙሉ በከተማው ሰው ተገደለ፤ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሲል፣ ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ያጠናው ታሪክ ጸሐፊ ኢያን ካምቤል 19,000 ያህል ብሎ ገምቷል። ተማሪ «የትኛው ነው ትክክል?» ቢለን ሁለቱንም ጽፈን ማን እንደ ቈጠረና እንዴት እንደ ቈጠረ ማስረዳት እንጂ አንዱን ደብቀን አንዱን መስጠት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለመምህራን የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። ከየካቲት 12 በኋላ ፋሺስቶቹ ለይተው ካደኗቸው ወገኖች መካከል የተማሩት ወጣቶች ይገኙበታል። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ወረቀት የሚጽፉ፣ ነገ አገር ይመራሉ የተባሉት ተለቅመው ተገደሉ። ከሦስት ወር በኋላም፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ትእዛዙን የሰጠው በገነተ ልዑል የነበረው እንደራሴ ነው። እንግዲህ የተማረ ሰው ይጥፋ ተብሎ የታዘዘበት ቤት ነው ኋላ የተማረ ሰው ማፍሪያ የሆነው።

5ኛ. ምን ተፈጸመበት? ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.

ንጉሠ ነገሥቱ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ገነተ ልዑልም ተመልሶ መኖሪያቸው ሆነ። በ1948 ዓ.ም. የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተባለው ተሠራ፤ ይኸውም በኋላ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የተባለው ነው። ሆኖም ገነተ ልዑል አልተለቀቀም ነበር።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ፣ የክብር ዘበኛ ጦር አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። ይህ በሕዝብ አፍ «የታኅሣሥ ግርግር» የሚባለው ነው። ግርማሜ አሜሪካ የተማሩ፣ በወላይታና በጅጅጋ አውራጃ ገዥ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። የወሎ ጠቅላይ ግዛት በስማቸው የነበረው አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንም የለውጡን መግለጫ በራዲዮ እንዲያነቡ ተደረገ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ።

መሣፍንቱና ሚኒስትሮቹ ግን በገነተ ልዑል ታግተው ነበር። የምድር ጦሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆሞ በታንክ ቤቱን ሲከብብ፣ በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በነበሩት ታጋቾች ላይ ጥይት ተከፈተባቸው። 15 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ መካከል በጠላት ዘመን በአርበኝነታቸው የታወቁት ራስ አበበ አረጋይና የአፄ ዮሐንስ 4ኛ የልጅ ልጅ ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኛሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ተመለሱ። ግርማሜ ሳይያዙ ሞቱ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ተይዘው ተፈርዶባቸው በመጋቢት 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ።

እንግዲህ የዚያ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ወዳጅ ዘመድ የሞተበት ሳሎን ዳግመኛ እንግዳ አይቀበልም። በአገራችንም ሰው የተገደለበትን ቤት ሰው ተመልሶ ሊያድርበት ይከብደዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ በኋላ ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛወሩ።

6ኛ. ስጦታው

ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ተከፈተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲው አበረከቱ። ቀኑን ከላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ግርግሩ ከበረደ ልክ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነው።

ታዲያ «ስጦታ አልነበረም፤ ከደም መሸሽ ነበር» እንበልን? እንዲህ ብንል ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እናዘነብላለን። ምክንያቱም የዩኒቨርሲቲው ሐሳብ ከግርግሩ በፊት የቆየ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ የምሕንድስናና የሕንፃ ኮሌጆችም ነበሩ። እነዚህን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ለማድረግ ጥናቱ የተጀመረው ከ1953 ዓ.ም. በፊት ነበር። የጎደለው ለማዕከሉ የሚሆን ሰፊ ግቢ ነው። ቤቱ ሲለቀቅ ሁለቱ ነገር ተገጣጠመ።

ስለዚህ ስጦታውም እውነት ነው፤ ደሙም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ መልስ ነው ሙሉ መልስ። በየዘመኑ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን መተው ተለምዷል። በንጉሡ ዘመን የሚነገረው ስጦታው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ደግሞ የሚነገረው ግፉና ደሙ ነበር። ተማሪው ግን የሁለቱም ባለመብት ነው።

7ኛ. ለማን አገለገለ?

በአራተኛው ጥያቄ ላይ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንቆይ፤ እኛን በቀጥታ የሚነካን ይህ ነውና።

በመጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዲሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው፤ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በማደራጀት ስታኒስላቭ ኮይናትስኪ ብዙ ደክመዋል። ተቋሙ ማደሪያው የሆነው ይኸው አሮጌው ቤት ነው። በሙዚየሙ ውስጥ ከየብሔረሰቡ የተሰበሰቡት ዕቃዎች የተደረደሩት በሰው ልጅ የሕይወት ተራ ነው። ልደትና ልጅነት መጀመሪያ፣ ጎልማሳነት ቀጥሎ፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው መጨረሻ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤትም ተጠብቆ ለጎብኚ ይታያል። በአንድ ጣራ ሥር የንጉሡ አልጋም የገበሬው ዕቃም ይገኛል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደነገገ። ይህ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ነው። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። በመጽሐፍ የሚያውቁትን አገር በዓይናቸው አዩ፤ ጭሰኛውን፣ ባዶ ጎተራውን፣ ጣራ የሌለውን ትምህርት ቤት አዩ። ሲመለሱ እንደ ሄዱበት አልተመለሱም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር ከተማሪዎቹ ሰልፍ ተሰማ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደር ተኮሰ። ያ ግቢ ለሦስተኛ ጊዜ ደም አየ።

ሦስተኛው እኛን የወሎ ልጆችን የሚመለከት ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስትጠበስ መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ አድበስብሶት ነበር። በሚያዝያ ወር ከዩኒቨርሲቲው መምህራን አንዳንዶቹ ወደ ወሎ ወጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ አምጥተው በግቢው አሳዩ። ተማሪዎችም አይተው ተነሡ። ከወራት በኋላ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም በዓለም ታየ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ያ ፊልም በዋዜማው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሕዝብ ታይቶ ነበር። እንግዲህ አስቡት! ከቀድሞው የንጉሥ ግቢ የወጡ መምህራን ናቸው የወላጆቻችንን ረሃብ ፎቶግራፍ አንሥተው ወደዚያው ግቢ ያስገቡት። ቤት ለትምህርት ከተሰጠ በኋላ ምን ይማሩበት የሚለውን የሰጪው ፈቃድ አይወስነውም።

በመጨረሻም በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀ፤ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። እ.ኤ.አ. በ1975 ስሙ ተለውጦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

8ኛ. ደረጃውና አንበሳው

በቤቱ ፊት ለፊት፣ በግቢው ውስጥ፣ የትም የማያደርስ አንድ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሞአል። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከእ.ኤ.አ. 1922 አንሥቶ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንዳንድ ደረጃ ቈጥረው ሠሩት። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ይህን ማፍረስ ቀላል ነበር። ነገር ግን አልፈረሰም። በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት።

ይህች ነገር ብዙ አስተማረችን። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ የዛሬ ተማሪ ምን እንደ ነበር አያውቅም። አንበሳው ባይወጣበት ኖሮ ደግሞ የጠላት ሐውልት ሆኖ ይቀር ነበር። ደረጃውን ትተው አንበሳውን ከላይ አኖሩ፤ ሁለቱም ይታያሉ። ከግቢው ወጣ ብሎ በስድስት ኪሎ አደባባይ ደግሞ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። እኛም ታሪክ ስናስተምር እንዲሁ ማድረግ ይገባናል እንላለን። የማንወደውን ምዕራፍ ቀድደን አንጥለውም፤ እንዳለም ያለ ማብራሪያ አንተወውም።

9ኛ. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ሀ. የጊዜ ሰሌዳ። የሚከተለውን በሰሌዳ ላይ በረጅም መሥመር መጻፍ ይጠቅማል፦

1920ዎቹ — ቤቱ ተሠራ
1928 — የጣሊያን እንደራሴ ገባበት
የካቲት 12/1929 — የሕዝብ ጭፍጨፋ
1933 — ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ
ታኅሣሥ 1953 — የታኅሣሥ ግርግር
ታኅሣሥ 9/1954 — ዩኒቨርሲቲ ሆነ
1967 — የንጉሡ ዘመን አበቃ፤ ተማሪው ዘመተ

ለ. የመስክ ሥራ። አዲስ አበባ መሄድ ባይቻልም በየቀበሌው አሮጌ ቤት አይጠፋም። በላስታ የቆየው ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት ለዚህ ይመቻል። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ሽማግሌ ሄደው አራቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ። ከመጠየቃቸው በፊት ግን እንዴት አክብረው እንደሚቀርቡ እናስተምራቸው፤ «አባባ፣ ይህን ቤት ማን አሠራው?» ብሎ በትሕትና የጠየቀ ልጅ ከቡናውም ከታሪኩም አይቀርም።

ሐ. ጥንቃቄ። የካቲት 12ንና ታኅሣሥን ለታናናሾች ስናስተምር የአገዳደሉን ዝርዝር ማብዛት አያስፈልግም። የማን ወገን ትክክል ነው እያልን ልጆቹን ማከራከርም ገና ነው። የሆነውን በቅደም ተከተል ይወቁ፤ ፍርዱ ሲያድጉ የራሳቸው ነው።

ማጠቃለያ

አንባብያን ሆይ! እኛ ተመርቀን ስንወጣ ገነተ ልዑልን የመሰለ ቤት አይጠብቀንም። ከእኛ ብዙዎቻችን የምንገባው ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ሠራው ክፍል ነው፤ አንዳንዶቻችንም ወደ ዳስ። ይህን ስንጽፍ ግን አንድ ነገር ገብቶናል። ገነተ ልዑልን ትምህርት ቤት ያደረገው ዕብነ በረዱ አይደለም፤ ዕብነ በረዱማ ለግራዚያኒም አገልግሏል። ትምህርት ቤት ያደረገው ከበሩ ገብቶ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ በዳሱም ውስጥ አለ። እኛ አግኝተነዋል፤ ስንሥቅበትም ውለናል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በእጃችን ገልብጠን በቅዳሜ ገበያ ወደዚያ በሚመለስ ሰው ለዚያ ትምህርት ቤት ልከናል። ከላዩ ላይም፣ «ከኋላ ተቀምጦ ስለ ንጉሡ ቤት ለጠየቀው ልጅ፣ የዘገየ መልስ» ብለን ጽፈንበታል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ገነተ ልዑል በየተራ ለእነማን አገለገለ? በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።
2. «ንጉሡ ትምህርት ስለ ወደዱ ቤታቸውን ሰጡ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ይጎድለዋል? አሟልታችሁ ጻፉት።
3. ከየካቲት 12 በኋላ የተማሩ ወጣቶች ለይተው የታደኑት ለምን ይመስላችኋል?
4. ጣሊያኖች የሠሩት ደረጃ መፍረስ ነበረበት ወይስ መቆየት? ምክንያታችሁን ስጡ።
5. በሰፈራችሁ አንድ አሮጌ ቤት መርጣችሁ አራቱን ጥያቄዎች መልሱ። መልሱን ያመጣ በሚቀጥለው ወር በዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፍለታለን።